የክንድን ፊዚክስ ለማስተማር የትኛው ሞዴል ይሻላል? ካርቶን፣ ጣውላ፣ ስሪንጅ ወይስ ሞተር

የክንድ ሞዴል ሠርቶ ክፍል ለመግባት ያሰበ መምህር ብዙ ጊዜ የሚጀምረው "ከምን ልሥራው?" ብሎ ነው። ካርቶን አለ፣ ጣውላ አለ፣ ስሪንጅ አለ። አሁን ደግሞ ትንንሽ ሞተሮችም ገበያ ላይ አሉ። ኢንተርኔት ላይ ሲታዩ ሁሉም ያምራሉ። እኔ ግን ከዕቃው በፊት አንድ ጥያቄ ይቅደም እላለሁ፦ ተማሪው በዚህ ሞዴል ምን ይለካል? ምንም የማይለካበት ከሆነ የሠራነው የክንድ ሥዕል ነው። ሥዕልም ይጠቅማል፤ ለፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ግን አይበቃም።

አቋሜን ከአሁኑ ልናገር። 9ኛ ክፍል ፊዚክስ ላይ "ቀላል ማሽኖች" የሚለውን ምዕራፍ ለሚያስተምር መምህር ከሁሉም የሚበልጠው ጣውላና ሚዛን ነው። ሌሎቹም ቦታ ቦታ አላቸው፤ አንዳንዱ ለታናናሾች፣ አንዳንዱ ለሳይንስ ክበብ፣ አንዳንዱ ደግሞ ለሌላ ትምህርት። ምክንያቴን ለመረዳት ግን መጀመሪያ ክንዱ ራሱ ምን እንደሚሠራ እንይ።

ክንዱ የሚደብቀው ቁጥር

ክርናችሁን 90 ዲግሪ አጥፉና መዳፋችሁ ላይ 2 ኪሎ ስኳር ያዙ። ከላይኛው ክንድ ፊት ለፊት ያለው ጡንቻ፣ ባይሴፕስ፣ ይወጠራል። አሁን ተማሪዎቹን ጠይቁ፦ ይህ ጡንቻ ስንት ኪሎ ያህል እየሳበ ነው? አብዛኛው "2 ኪሎ" ይላል። "ማሽን ሥራ ያቀላል" የሚለውን በደንብ ያጠና ጎበዝ ተማሪ ደግሞ "ከ2 ኪሎ ያነሰ" ሊል ይችላል። ሁለቱም ልክ አይደሉም።

ባይሴፕስ ራዲየስ ከሚባለው አጥንት ጋር የሚያያዘው ከክርን መገጣጠሚያ 5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ርቆ ነው። መዳፉ ግን 35 ሳንቲ ሜትር ያህል ይርቃል። የስኳሩ ክብደት 20 ኒውተን ቢሆን (ኒውተን የኃይል መለኪያ ነው፤ 1 ኪሎ ወደ 10 ኒውተን ይመዝናል)፣ የማዞር አቅሙ ኃይሉ በርቀቱ ሲባዛ ነውና 20 በ35 ሲባዛ 700 ይመጣል። ጡንቻው ይህን በ5 ሳንቲ ሜትር ማመጣጠን አለበት። ስለዚህ 140 ኒውተን ያስፈልገዋል። ከክርን በታች ያለው ክንድ ራሱም ክብደት አለው። 1.5 ኪሎ ነው፣ የክብደቱ ማዕከልም ከክርን 15 ሳንቲ ሜትር ይርቃል ብንል ሌላ 45 ኒውተን ይጨመራል። ድምሩ 185 ኒውተን ነው። 2 ኪሎ ለመያዝ ጡንቻችን 18 ኪሎ ተኩል እንዳንጠለጠለ ያህል ይስባል ማለት ነው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ግልጽ ይሁን። ክርንን የሚያጥፈው ባይሴፕስ ብቻውን አይደለም፤ ከሥሩ ያለው ብራኪያሊስ የሚባለው ጡንቻም ሸክሙን ይጋራል። ለስሌት ሲባል ሁሉንም እንደ አንድ ጡንቻ እንቆጥራቸዋለን። ለተማሪም ይህን መናገር ይገባል።

ብዙ መምህር የሚዘለው ሌላም ቁጥር አለ። ጡንቻው 185 ኒውተን ወደ ላይ ይስባል። ስኳሩና ክንዱ በድምሩ 35 ኒውተን ወደ ታች ይጫናሉ። ቀሪው 150 ኒውተን የት ገባ? ክርኑ ላይ ነው። የላይኛው ክንድ አጥንት የታችኛውን በ150 ኒውተን ወደ ታች ይገፋዋል። መገጣጠሚያዎቻችን በየዕለቱ የሚችሉት ጫና ከምንሸከመው ዕቃ ስንት እጥፍ እንደሚበልጥ ተማሪው የሚያየው እዚህ ጋ ነው። እኔ ይህን ሳልናገር ከዚህ ትምህርት መውጣት አልወድም።

ጣሊያናዊው ጆቫኒ አልፎንሶ ቦሬሊ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ይህንኑ አስልቶ ነበር። ጡንቻዎች ከሚያነሱት ሸክም በላይ እንደሚስቡ በሌቨር (በአንድ ነጥብ ላይ የሚዞር ዘንግ) ሕግ አሳየ። ያረፈው በ1679 እ.ኤ.አ. ሲሆን ሥራው የታተመው ከዚያ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው አስተሳሰብ ተቃራኒው ነበር፤ ተፈጥሮ በትንሽ ኃይል ትልቅ ሸክም ታነሳለች ይባል ነበር። የዛሬው ተማሪ "ከ2 ኪሎ ያነሰ" ሲል ከጥንት ሊቃውንት ጋር አብሮ ነው የተሳሳተው። ይህን ሲሰማ አያፍርም፤ እንዲያውም ደስ ይለዋል።

ታዲያ ክንዳችን ለምን እንዲህ ተሠራ? ጡንቻው 1 ሳንቲ ሜትር ሲያጥር መዳፉ 7 ሳንቲ ሜትር ይጓዛል። በኃይል የከሰርነውን በርቀትና በፍጥነት እናገኘዋለን። ድንጋይ መወርወር፣ መዶሻ ማወናጨፍ፣ ትኩስ ምጣድ ነክቶ እጅን በቅጽበት መሰብሰብ የሚቻለው በዚህ ነው። ሦስተኛ ደረጃ ሌቨር የሚባለው ይኸው ነው፤ የሚስበው ኃይል በመዞሪያው ነጥብና በሸክሙ መካከል ይገኛል።

እንግዲህ አንድ ሞዴል ሦስት ነገር ቢያሳይ ጥሩ ነው። አንደኛ፣ ጡንቻው ከሸክሙ በላይ እንደሚስብ። ሁለተኛ፣ ጡንቻ መሳብ እንጂ መግፋት እንደማይችል፣ ስለዚህም ጥንድ ጥንድ ሆኖ እንደሚሠራ። ሦስተኛ፣ የክርኑ ማዕዘን ሲቀየር የሚያስፈልገው ኃይልም እንደሚቀየር። ሦስቱን እኩል የሚያሳይ አንድም ሞዴል የለም። ምርጫው ያለው እዚህ ላይ ነው።

ነፃው ሞዴል፦ የራስ ክንድ

ምንም ከመሥራታችሁ በፊት ይህን አድርጉ። ተማሪው ደብተሮች የሞላበት ፌስታል በጣቶቹ ይያዝና ክርኑን 90 ዲግሪ ያጥፍ። ከዚያ ፌስታሉን ክንዱ ላይ፣ ክርኑ አጠገብ ያንጠልጥለው። ክብደቱ ያው ነው፤ ድካሙ ግን ሌላ ነው። ከገበያ ከባድ ዘንቢል ይዞ የተመለሰ ሰው እጀታውን ወደ ክርኑ የሚያስጠጋው ለዚህ ነው።

ቀጥሎ በአንድ እጁ የሌላውን የላይኛው ክንድ ይያዝና መዳፉን ጠረጴዛ ላይ ወደ ታች ይጫን። አሁን የሚጠነክረው የኋላው ጡንቻ፣ ትራይሴፕስ ነው። መዳፉን ከጠረጴዛው ሥር አድርጎ ወደ ላይ ሲገፋ ደግሞ የፊቱ ይጠነክራል። ጥንድ ጡንቻ ማለት ምን እንደሆነ በሁለት ደቂቃ ገባው።

ይህ ዘዴ ቁጥር አይሰጥም። ግን የትኛውንም ሞዴል ብትመርጡ መጀመሪያ ይህ ይቅደም። ሞዴሉ ሲመጣ ተማሪው የራሱን ክንድ ነው የሚያይበት።

ካርቶንና ክር

ሁለት የካርቶን ቁራጭ፣ መገጣጠሚያው ላይ መርፌ ቁልፍ፣ ከፊትና ከኋላ አንዳንድ ክር። ክሮቹ እንዳይወላለቁ በአጫጭር የስትሮ ቁራጮች ውስጥ ያልፋሉ። የፊቱን ክር ስትስቡ ክንዱ ይታጠፋል፣ የኋላውን ስትስቡ ይዘረጋል። ክር ደግሞ ሊገፋ አይችልም። ሁለተኛውን ነጥብ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ሞዴል አላውቅም። ዋጋው ከምንም አይቆጠርም፤ ስልሳ ተማሪ ባለበት ክፍል እንኳ እያንዳንዱ የራሱን ሠርቶ ወደ ቤቱ ይወስዳል። ለ5ኛና ለ6ኛ ክፍል የመጀመሪያ ምርጫዬ ይህ ነው።

አንዳንዱ በክሩ ፈንታ ፊኛ ያስገባል። ክንዱ ሲታጠፍ ፊኛው አጥሮ ይወፍራል፤ ሲዘረጋ ይረዝማል። ለዓይን ያምራል። ችግሩ ፊኛው ራሱ አይስብም። ክንዱን በእጃችሁ ስታጥፉት ነው ፊኛው የሚጨመቀው። ምክንያትና ውጤት ተገለባበጡ። ተማሪው "ክንድ ሲታጠፍ ጡንቻ ያብጣል" ብሎ ይሄዳል፤ ልንለው የፈለግነው ግን "ጡንቻ ሲያጥር ክንድ ይታጠፋል" ነው። ፊኛ ከተጠቀማችሁ ይህን በግልጽ ንገሩት።

በፊኛ ወይም በክር ፈንታ የብር መጠቅለያ ላስቲክ የሚያስሩም አሉ። ላስቲክ በረዘመ ቁጥር አብዝቶ ይስባል፤ ሁልጊዜም ይስባል። ጡንቻ ግን ሲታዘዝ ነው የሚስበው። እኔ ክሩን እመርጣለሁ።

ካርቶን ለመለኪያ አይሆንም። 35 ኒውተን ስትስቡበት ይቀደዳል።

ጣውላና ሚዛን

ወደ ዋናው መጣን። የሚያስፈልገው ሁለት ጣውላ፣ አንድ ብሎን፣ ሁለት ዳዶ፣ ጥቂት ሮንዴላ፣ ትንንሽ መንጠቆዎች፣ ክርና ሚዛን ነው። ሸክሙ ግማሽ ሊትር ውኃ የሞላ ሃይላንድ ይሁን። ግማሽ ሊትር ውኃ ግማሽ ኪሎ ነው፣ 5 ኒውተን ያህል፤ የሚዛን ክብደት መፈለግ ቀረ።

የታችኛው ክንድ የሚሆነውን ጣውላ 43 ሳንቲ ሜትር ቁረጡ። ከአንዱ ጫፍ 3 ሳንቲ ሜትር ገባ ብላችሁ ብሱት። ብሎኑ የሚገባው እዚህ ነው፤ ክርኑ ይህ ነው። ከብሎኑ በ5፣ በ10፣ በ20 እና በ35 ሳንቲ ሜትር ላይ መንጠቆ ይግባ። 35ኛው መዳፉ ነው። ላይኛው ጣውላ ቆሞ ከጠረጴዛው ጋር በደንብ ይታሰር። ዳዶውን አጥብቃችሁ ጣውላውን አታስጨንቁት። አንዱን ዳዶ ለቀቅ አድርጋችሁ ሁለተኛውን በላዩ አጥብቁት። እርስ በርስ ይያያዛሉ፣ ጣውላው ግን እንደልቡ ይዞራል። መገጣጠሚያው ከተጨናነቀ ሰበቃው ንባባችሁን ያበላሸዋል።

ሚዛን በተመለከተ ትምህርት ቤቱ እስከ 50 ኒውተን የሚለካ ባለ ስፕሪንግ ሚዛን ካለው እሰየው። ከሌለ የሻንጣ መመዘኛው ዲጂታል ሚዛን ይሠራል። በኪሎ ያነባል፤ በ10 አባዙት። ለ9ኛ ክፍል ይበቃል።

አሁን ልኬቱ። መጀመሪያ ጣውላውን ብቻ፣ ያለ ውኃ። ሚዛኑን 5ኛው ሳንቲ ሜትር ላይ አያይዛችሁ ጣውላው አግድም እስኪሆን ድረስ ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ ሳቡ። ጣውላው ከ200 ግራም ትንሽ የሚበልጥ ከሆነ 8 ኒውተን ገደማ ታነባላችሁ። ይህ ቁጥር ይጻፍ፤ የክንዱ የራሱ ክብደት ድርሻ ነው። ከዚያ ሃይላንዱን መዳፉ ላይ አንጠልጥሉ። እዚህ ላይ ቆም በሉ። እያንዳንዱ ተማሪ ግምቱን ደብተሩ ላይ ይጻፍ። ከጻፈ በኋላ ሳቡ። 43 አካባቢ ይመጣል። 8ቱን ቀንሱ፤ 35 ይቀራል። የ5 ኒውተን 7 እጥፍ። 35 ለ5 ሲካፈልም 7 ነው።

ግምቱን "5" ብሎ የጻፈ ተማሪ ሚዛኑ ላይ 43 ሲያይ ፊቱን ማየት ነው። አንድ ተማሪ ራሱ መጥቶ ይሳብ፤ ጣቱ ላይ የሚሰማው ነገር ከሰሌዳው ቀመር ይበልጣል።

ቀጥሎ ሚዛኑን ወደ 10፣ ከዚያ ወደ 20፣ በመጨረሻ ወደ 35 አዙሩት። 21 ተኩል፣ 11 ገደማ፣ 6 ገደማ ይመጣል። ተማሪው ሕጉን ከቁጥሮቹ ራሱ ያወጣዋል። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ በግማሽ ቀነሰ። "እንግዲያው ጡንቻችን መዳፋችን አጠገብ ቢያያዝ አይሻልም ነበር?" ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። መልሱን ከጣውላው ይውሰድ። ከኋላ ማስመሪያ አቁሙና 5ኛውን መንጠቆ 1 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጉት። ጫፉ 7 ሳንቲ ሜትር ሲወጣ ያያል። ቀጥሎ በ35ኛው ሳቡ፤ 1 ለ1 ነው። መዳፉ አጠገብ የተያያዘ ጡንቻ ክንዱን ለማጠፍ ምን ያህል ማጠር እንደሚኖርበት ያስብ።

ማዕዘኑ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ብዙ መመሪያ "ክንዱን ዝቅ አድርጉት፣ ንባቡ ይጨምራል" ይላል። ሚዛኑን ከላይኛው ጣውላ ላይ፣ ከብሎኑ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ካለ ሚስማር ጋር እሰሩና ሞክሩት። የታችኛው ጣውላ ዝቅ ሲል ንባቡ ብዙም አይለወጥም። ምክንያቱም ሃይላንዱም ወደ ክርኑ መስመር ይጠጋል፤ የሃይላንዱም የክሩም የመሳቢያ መስመር ከክርኑ ያለው ርቀት በተቀራራቢ መጠን ያጥራል ማለት ይቻላል። ልዩነቱን በደንብ ለማየት የታችኛው ጣውላ አግድም ሆኖ ይቆይና ላይኛው ወደ ኋላ ይዘንበል። ክርኑ 90 ዲግሪ ሲሆን ወደ 44 ኒውተን የነበረው 120 ላይ ወደ 54 ይወጣል። 150 ዲግሪ ላይ 100 ሊደርስ ምንም አይቀረውም። የ50 ኒውተኑን ሚዛን ለዚህ አትጠቀሙ፣ ስፕሪንጉ ይበላሻል፤ ወይ የሻንጣውን ያዙ፣ ወይ ውኃውን ቀንሱ። ውኃ የተሞላ ጀሪካን ይዞ እጅን ወደ ፊት ዘርግቶ መቆም ለምን እንደሚያንገበግብ ከፊሉ ምክንያት ይኸው ነው። ትከሻውም የራሱ ድርሻ አለው።

ያ የ3 ሳንቲ ሜትር ትርፍም ለከንቱ አልተቆረጠም። ትራይሴፕስ የሚያያዘው ከክርን ኋላ ባለችው የአጥንት ጉጥ ላይ ነው። ትርፉ ጫፍ ላይ ክር አስራችሁ ወደ ላይ ስትስቡ መዳፉ ወደ ታች ይጫናል። መዞሪያው መሐል ገባ፤ ይህ አንደኛ ደረጃ ሌቨር ነው። በአንድ ጣውላ ሁለት ዓይነት ሌቨር አገኛችሁ።

ጉድለቱስ? ውበት የለውም። በራሱ አይንቀሳቀስም። ጡንቻው ሚዛን ነው፤ ሲያጥር አይወፍርም። አንድ ለሃምሳ ተማሪ ከሆነ ደግሞ የኋላዎቹ ምንም አያዩም። በአምስት ወይም በስድስት ቡድን መሥራት ካልቻላችሁ ሚዛኑን አንድ ተማሪ ጮክ ብሎ ያንብብ፣ ሌላው ሰሌዳ ላይ ይጻፍ፣ ሁሉም በደብተሩ ግራፍ ያውጣ።

ስሪንጅና ውኃ

ለሳይንስ ኤግዚቢሽን በብዛት የሚቀርበው ይህ ነው። ሁለት ስሪንጅ በቀጭን ቱቦ ይገናኛል፣ ውስጡ ውኃ ይሞላል፣ አንዱን ስትገፉ ሌላው ክንዱን ያነሳል። ልጆች ይወዱታል፤ እኔም ደስ ይለኛል። ግን የክንድን ፊዚክስ ሊያስተምርበት የፈለገ ሰው ልብ ይበል። ስሪንጅ ይገፋል። ጡንቻ አይገፋም። ይህ ሞዴል ከሦስቱ ነጥቦች ሁለተኛውን ፊት ለፊት ይቃረናል። አንድ ስሪንጅ ሁለቱንም ሥራ ስለሚሠራ ጥንድ የሚባል ነገር የለም።

እውነተኛ ቦታው የፓስካል ሕግ ነው። በ5 ሚሊ ሊትሩ ገፍታችሁ በ20ው ስታነሱ ግፊቱ እኩል ሆኖ ኃይሉ ይጨምራል፤ ጉዞው ያጥራል። የሁለቱን የውስጥ ስፋት በማስመሪያ ለክቶ ማስላትም ይቻላል። የመኪና ፍሬን፣ የኤክስካቫተር ክንድ ከዚህ ይወጣል። ለዚያ ትምህርት ግሩም ነው።

ከሠራችሁት ስሪንጁም ቱቦውም አዲስ ከመድኃኒት ቤት የተገዛ ይሁን፤ መርፌው ክፍል ውስጥ አይግባ። ያገለገለ የሕክምና ዕቃ በምንም ምክንያት አይነካ። ስትሞሉም ቱቦውን ውኃ ውስጥ ነክራችሁ አየሩን አስወጡ፤ አረፋ ካለ ክንዱ ይለግማል።

የአየር ጡንቻ

ለሳይንስ ክበብ የምወደው ይህን ነው። አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ጆሴፍ ማክኪበን በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ያሳደገው ሐሳብ ነው። በፖሊዮ ምክንያት እጇ ለማይታዘዝላት ልጁ ይሆናል ብሎ ነበር የተነሳው። አሠራሩ ቀላል ነው። የሚለጠጥ ቱቦ በተጎነጎነ መረብ ውስጥ ይገባል። አየር ሲሞላ ቱቦው ሊወፍር ይፈልጋል፤ መረቡ ሲሰፋ ደግሞ ያጥራል። ስለዚህ እያበጠ ይስባል። ከርዝመቱ ሩብ ያህል ሊያጥር ይችላል።

20 ሳንቲ ሜትር የአየር ጡንቻ 4 ሳንቲ ሜትር ቢያጥር፣ ከላይ በሠራነው ጣውላ 5ኛው መንጠቆ ላይ ታስሮ ክንዱን ጥሩ አድርጎ ያነሳዋል። ይስባል፣ ያጥራል፣ ይወፍራል። ዘና ሲል አይገፋም። ከሁሉም ሞዴል ለጡንቻ የቀረበው ይኸው ነው። ውሸቱ አንድ ነው። እውነተኛ ጡንቻ ሲያጥርና ሲወፍር ይዘቱ ያው ነው፤ የአየር ጡንቻው ግን ከውጭ አየር ገብቶበት ነው ያበጠው።

ግን ሥራው ቀላል አይደለም። ጫፎቹ አየር እንዳያሳልፉ ጥብቅ ብለው መታሰር አለባቸው፤ አብዛኛው ሰው የሚቸገረው እዚያ ላይ ነው። በብስክሌት መንፊያ ቀስ እያሉ መንፋት፣ የዓይን መከላከያ ማድረግ፣ ፊትን አለማስጠጋት የግድ ነው። ሊፈነዳ ይችላል። በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ አይሞከርም።

ሞተርና አርዱይኖ

አርዱይኖ በምትባል ፕሮግራም በምትደረግ ትንሽ ሰሌዳ የሚታዘዝ ሰርቮ ሞተር ያለው ክንድ ወላጅንም ርዕሰ መምህርንም ያስደንቃል። ፕሮግራም ማድረግ ለሚማሩ ልጆች ትልቅ በር ይከፍታል። የቶርክን፣ ማለትም የማዞር አቅምን፣ ሐሳብም በጥሩ ሁኔታ ያሳያል። በብዛት የሚገኘው ትንሹ ሰማያዊ ሰርቮ፣ ኤስጂ90፣ ወደ 1.8 ኪሎ ግራም ሳንቲ ሜትር ቶርክ አለው። 1 ሳንቲ ሜትር ላይ 1.8 ኪሎ ይችላል ማለት ነው። 10 ላይ 180 ግራም ብቻ። በ35 ሳንቲ ሜትር ክንድ ጫፍ ላይ 50 ግራም ገደማ፤ የክንዱ የራሱ ክብደት ደግሞ ገና አልተቆጠረም። ተማሪው ሃይላንዱን አንጠልጥሎ ሞተሩ እያቃሰተ እምቢ ሲል ምክንያቱን አስልቶ ያገኘዋል።

የክንድ ትምህርት ግን አይደለም። ሞተሩ የተቀመጠው ክርኑ ላይ ነው። የእኛ ክርን ላይ የሚያዞር ነገር የለም፤ ከሌላ ቦታ የሚስብ ጅማት ነው ያለው። የትምህርቱ እምብርት፣ ያ የ5 ለ35 ግንኙነት፣ ከሥዕሉ ጠፋ። ሰርቮውን ላይኛው ክንድ ላይ አድርጎ በክር ማሳብ ይቻላል፤ እንዲያ ከሆነ ሐሳቤን አነሳለሁ። መብራት ሲሄድ ምን እንደሚደረግም ቀድሞ ይታሰብበት።

የቀሩት

ተገዝቶ የሚመጣው የፕላስቲክ አጽም አጥንቶቹንና የጡንቻ መያያዣዎቹን በትክክል ያሳያል። ለባዮሎጂ መምህሩ ይሁን። ቤተ ሙከራው ውስጥ ካለ ግን 5 ሳንቲ ሜትር ያልናትን ቦታ ተማሪው በጣቱ እንዲነካ ለአምስት ደቂቃ ተዋሱት።

የኮምፒውተር ማሳያዎች፣ ለምሳሌ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲው ፌት ያዘጋጃቸው፣ በነፃ ይገኛሉ። የሚዛን ጨዋታው ለአንደኛ ደረጃ ሌቨር መለማመጃ ጥሩ ነው። ከጣውላው በኋላ ይምጣ፤ ከእሱ በፊት ሲመጣ ተማሪው ቁጥሩን የኮምፒውተሩ አድርጎ ነው የሚያየው። ስልክ ካለ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። አንድ ተማሪ ኳስ ሲወረውር በዝግታ ቅረጹና ክርኑና መዳፉ በእኩል ጊዜ ስንት ስንት እንደተጓዙ በማስመሪያ ስክሪኑ ላይ ይለካ። የፍጥነቱን ትርፍ ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

እንግዲህ ምን ይዘን እንግባ?

ለታናናሾቹ የራስ ክንድና ካርቶን። ሳይለኩ ነው የሚማሩት፣ ምንም አይደለም። ለ9ኛ ክፍል የራስ ክንድ አሥር ደቂቃ፣ ቀሪው ጣውላና ሚዛን። ሁለት ክፍለ ጊዜ ካላችሁ ማዕዘኑን ለሁለተኛው አቆዩት፤ በአንድ ቀን ሁለቱ ሲደራረቡ የመጀመሪያው ይደበዝዛል። ክበብ ያላችሁ ጣውላውን አትጣሉት፤ የአየር ጡንቻውን እሱኑ ላይ እሰሩት። ስሪንጁ የፈሳሽ ግፊት ምዕራፍ እስኪደርስ ይቆይ።

ሚዛን ፈጽሞ ከሌለስ? ያኔም መንገድ አለ። 5ኛው መንጠቆ ላይ ክር እሰሩ፣ ክሩን ወደ ላይ ወስዳችሁ በተሰቀለ ለስላሳ ብረት ወይም በትንሽ ፑሊ ላይ አሳልፉት፣ ጫፉ ላይ ባዶ ባልዲ አንጠልጥሉ። መዳፉ ላይ የግማሽ ሊትሩ ሃይላንድ ይሁን። ከዚያ ተማሪዎቹ ባልዲው ውስጥ በሌላ ሃይላንድ እየለኩ ውኃ ይጨምሩ። ጣውላው አግድም እስኪቆም የባልዲው ክብደት ተጨምሮ 4 ሊትር ከምናምን ያህል ያስፈልጋል። ብረት ከሆነ ሰበቃው ቁጥሩን ትንሽ ያዛባዋል፤ ፑሊ ይሻላል። ግማሽ ሊትር ለማንሳት ስምንተኛውን ግማሽ ሊትር ሲጨምሩ ክፍሉ ራሱ መቁጠር ይጀምራል።